የስኳር ውጤታችሁን በቁጥር ጠይቁ

የስኳር ሕመም ይዟችሁ በሰው ቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእናንተ ነው። ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ስለ ውጤታችሁ የምትሰሙት ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፦ «ከፍ ብሏል» ወይም «ደህና ነው»። እሱንም የምትነግራችሁ አብራችሁ የሄደችው ማዳም ናት። ቁጥሩ ሐኪሙ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ ቁጥሩ የእናንተ ነው፤ እጃችሁ ይግባ።

ስኳር ሳያምም ይጎዳል። ዓይንን፣ ኩላሊትንና የእግርን ነርቭ ለዓመታት በዝምታ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ «ምንም አይሰማኝም» ማለት ደህና ነኝ ማለት አይደለም። የሚናገረው ምርመራው ነው።

ዋናው ምርመራ በዓረብኛ «ሱከር ታራኩሚ» ይባላል። «ታራኩም» መከማቸት ማለት ነው። ያለፉትን 2 እና 3 ወራት አማካይ ያሳያል እንጂ የትናንቱን ራት ብቻ አይደለም። በመቶኛ ይነገራል፤ ለብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በመቶ በታች ነው። ለእናንተ የሚስማማውን ግብ ግን ሐኪሙ ይንገራችሁ። «ሳኢም» ካሏችሁ ደግሞ ሳይበላ የሚለካው ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ መቆየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከጣት ደም የሚለካው ስኳር በአንዳንድ ቦታ በሚሊግራም፣ በሌላው በሚሊሞል ይነገራል። በሚሊሞል 7 ማለት በሚሊግራም 126 ነው። አገር ቤት በሚሊግራም የለመደች እህት «7» ስትባል ስኳሯ የወረደ መስሏት ልትደነግጥ ትችላለች። ወይም ከታራኩሚው 7 በመቶ ጋር ታምታታዋለች። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም ጠይቁ። ሚሊሞሉን በ18 ብታባዙት ሚሊግራሙን ታገኛላችሁ።

ቁጥር ማወቅ ብቻውን ግን አያድንም። ወሬው ወደ ሐኪሙም መመለስ አለበት። ሐኪሙ 9 በመቶ አይቶ መድኃኒቱን ሊጨምር ይችላል። ምሳችሁን ከቀኑ 11 ሰዓት እንደምትበሉ፣ በረመዳን ወጥ ቤት ቆማችሁ እንደምትውሉ፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል እንደማትቀምሱ አያውቅም። ደመወዝ ዘግይቶ መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት መቋረጡንም አያውቅም። ያልተዋጠ መድኃኒት «አልሠራም» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል። ከዚያ የተጨመረውን ባዶ ሆዳችሁን ስትወስዱት ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ በተለይ ኢንሱሊን ለምትወስዱ ይህ አደገኛ ነው።

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት የመውረድ ምልክቶች ናቸው። መለኪያ ካላችሁና ከ70 ሚሊግራም (3.9 ሚሊሞል) በታች ካሳየ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። በቀጣዩ ቀጠሮ «ሱከሪ ነዘል» በሉ፤ ስኳሬ ወርዶ ነበር ማለት ነው። መቼና ስንት ጊዜ እንደሆነም ንገሩ።

ሐኪሞችም የሥራቸው ውጤት ሲነገራቸው ይሻሻላሉ። በስዊድን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ የስኳር ሕሙማን መዝገብ አለ፤ ክሊኒኮች ውጤታቸውን ከሌሎች ጋር ያነጻጽሩበታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን ግምገማ 140 ጥናቶችን መርምሮ፣ ለጤና ባለሙያዎች ሥራቸው ተለክቶ ሲነገራቸው የሚታየው መሻሻል ብዙ ጊዜ መጠነኛ ቢሆንም የሚጠቅም መሆኑን አሳይቷል። ይበልጥ የሚሠራውም ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በቃልም በጽሑፍም ሲነገርና ግልጽ ግብና ዕቅድ ሲኖረው ነው። ለሐኪም የሚጠቅመው ይህ አሠራር ለታማሚዋ የማይገባበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የባሕረ ሰላጤው ሐኪም ቤቶች ውጤቱን በወረቀት ለራሷ ለታማሚዋ ይስጡ። ሲቻልም በአስተርጓሚ፣ ቢያንስ በስልክ፣ ራሷን ያናግሯት። አሠሪ መኪና ነድታ ማድረሷ ደግነት ነው፤ የታማሚዋን ምላስ መተካት ግን ሌላ ነገር ነው። «እንዴት ነሽ?» የሚለው ጥያቄ በማዳም በኩል አልፎ «ደህና ናት» ሆኖ ከተመለሰ፣ ሐኪሙ የሰማው የማዳምን እንጂ የእናንተን አይደለም።

«ሕመሜ ከታወቀ ሥራዬን አጣለሁ» የሚል ፍርሃት እንዳለ እናውቃለን። ከንቱ ፍርሃት ነው አንልም። ነገር ግን ተደብቆ የቆየ ስኳር ዓይንና እግር ሲነካ ሥራውንም ጤናውንም አብሮ ይወስዳል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ «ኡሪድ አን-ናቲጃ መክቱባ» በሉ፤ ውጤቱን ተጽፎ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ወረቀት ከሌለ ከኮምፒውተሩ ላይ በስልካችሁ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድልኝ በሉ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ መለኪያውንና የታዘዘውን መድኃኒት በአማርኛ ደብተር ላይ ጻፉ። ከሥሩ ደግሞ የምግብ ሰዓታችሁን፣ የተቋረጠ መድኃኒት ካለና ስኳር የወረደባችሁን ቀን አስፍሩ። ቤት ብትቀይሩ፣ ከተማ ብትቀይሩ፣ አገር ብትገቡም ያ ደብተር አብሯችሁ ይሄዳል። ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።