ጋኒባል ስለሚባለው የቤተ ሰብ ስም

በአገራችን ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ፣ ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያጠቃልል ስም የለውም። ስለዚህ የትውልዱን ነገር ሊያውቅ የወደደ ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ በቃሉ ይቈጥራል። ርስት በ1967 ዓመተ ምሕረት በዐዋጅ እስኪሻር ድረስ ይህን ቈጠራ የማያውቅ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ ድርሻዬ ይሰጠኝ ማለት ይቸግረው ነበር። በኤውሮፓ ግን ስሙ ራሱ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ ትውልድ መርማሪ አስቀድሞ የሚይዘው ስሙን ነው። ስሙን ብዙ ሰው የሚጠራበት ሲሆን ምርመራው ይደክማል፤ ጥቂቶች ብቻ የሚጠሩበት ሲሆን ግን ሁሉም ወደ አንድ አባት ሳይመለሱ አይቀሩም ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

በመስኮብ አገር ጋኒባል የሚባለው ስም እንደዚህ ያለ ነው። የእኛንም ጆሮ የሚስበው፣ የመስኮብ ታላቅ ባለ ቅኔ የአሌክሳንድር ፑሽኪን እናት ከዚህ ቤት ስለ ተወለደችና የቤቱም አባት ሐበሻ ነው ሲባል ስለ ኖረ ነው። በአዲስ አበባም በሳር ቤት በኩል ያለው አደባባይ በፑሽኪን ስም ይጠራል። (ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የቤቱ አባት አብራም ይባላል። በልጅነቱ ከአገሩ ተወስዶ ቊስጥንጥንያ ደረሰ፤ ከዚያም በ1704 ገደማ ወደ መስኮብ ተላከ። በ1705 በቪልና ከተማ ሲጠመቅ የክርስትና አባት የሆነው ንጉሠ ነገሥቱ ታላቁ ጴጥሮስ ነው። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን ጽሑፍ የሚገኘው ስሙ በክርስትና አባቱ ስም አብራም ጴጥሮቭ ነው። ከ1717 እስከ 1723 በፈረንሳይ አገር የመድፍንና የምሽግን ሥራ ተማረ። ጴጥሮስ ከሞተ በኋላ ግን በ1727 ባላንጣዎቹ ወደ ሲቤሪያ ሰደዱት። ሐኒባል የሚለው ስም በጽሑፍ ጸንቶ የሚገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ይህም ከቀርጣግና ተነሥቶ ሮማውያንን ያስጨነቀው የጦር አለቃ ስም ነው፤ በመስኮብ ቋንቋ ሀ የሚለው ድምፅ ስለማይገኝ ጋኒባል ተብሎ ተጻፈ።

እንግዲህ ስሙን ከአባቱ አልወረሰውም፤ በሰው አገር ያገኘው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ታች ለመከተል ይረዳ እንደ ሆነ እንጂ ወደ ላይ ወደ ተወለደበት አገር አያደርስም። ለዚያ ሌላ ቃል መፈለግ ግድ ይሆናል።

ቃሉም የሚገኘው በ1742 አብራም መኳንንትነቱ እንዲጸናለት ለንግሥት ኤልሳቤጥ ባቀረበው አቤቱታ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ከአፍሪቃ መኳንንት ወገን መሆኑን፣ የተወለደውም በአባቱ ግዛት በላጎን ከተማ መሆኑን ያመለክታል። ሐበሻ የሚል ቃል ግን በአቤቱታው የለም። ሐበሻነቱን የሚናገረው፣ አብራም በ1781 ካረፈ በኋላ የሴት ልጁ ባል ሮትኪርኽ በጀርመን ቋንቋ የጻፈው የሕይወቱ ታሪክ ነው። በዚሁ ጽሑፍ ላጋን የምትባል እኅቱ እርሱን የወሰደውን መርከብ በዋና ስትከተል ሰጠመች ይላል። የከተማይቱና የእኅቲቱ ስም እንዲህ መመሳሰሉ ያሳዝናል፤ ምናልባት ሕፃኑ ከአገሩ ይዞት የወጣው ይህ ቃል ብቻ ኖሮ ይሆናል።

በ1899 አኑቺን የተባለ የመስኮብ ሊቅ፣ ላጎን ማለት ከመረብ ማዶ፣ ዛሬ ኤርትራ በምትባለው አገር ያለው ሎጎ ነው አለ፤ ነገሩም ብዙ ዘመን ታምኖ ኖረ። ደራሲው ናቦኮፍ በ1964 ባሳተመው ማብራሪያ ተጠራጠረው። በ1996 ደግሞ ኛማንኩ የተባለ የቤኒን ተወላጅ በፈረንሳይ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ከተማይቱ ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ በዛሬው ካሜሩን ያለችው፣ የኮቶኮ ሱልጣኖች የነገሡባት ሎጎን ናት ሲል ተከራከረ።

በችሎት ልማድ፣ ሟች በሕይወቱ ሳለ ራሱ ያቀረበው ጽሑፍ ከሞተ በኋላ አማች ከጻፈለት ይልቅ ይከብዳል። አማቹ ከአብራም አፍ ሰምቶ እንደ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ኤውሮፓውያን ከጥቁር ሕዝብ መካከል የክርስቲያን መንግሥት እንዳለው የሚያውቁት ሐበሻን ስለ ነበረ፣ ለቤቱ ክብር ሲል ጨምሮት እንደ ሆነስ? አብራም የኛ ወገን ነው ቢባል ለሁላችንም ደስ ይለናል። ደስ ስላለን ብቻ ብንፈርድ ግን በራሳችን ጉዳይ ዳኛ መሆናችን ነው። እስከ ዛሬ በቀረበው ጽሑፍ ስንመዝነው ሚዛኑ ወደ ሎጎን ያደላል ብለን እንገምታለን።

ወደ ልጆቹ ስንመለስ ነገሩ ይቀልላል፤ ጋብቻው ግን ጠማማ ነው። አብራም በ1731 ኤውዶክያ የምትባል የግሪክ ተወላጅ አግብቶ ተጣላ። ይህ ጋብቻ በፍርድ ሳይፈርስ በ1736 ክርስቲና የተባለች ሴት አገባ፤ የፊተኛው የፈረሰው በ1753 ነው። ሆኖም ስሙን ያቈዩት የክርስቲና ልጆች ናቸው። የበኵር ልጁ ኢቫን በ1770 በናቫሪኖ ምሽግ ድል አድርጎ፣ በ1778 የተመሠረተችውን የኬርሶንን ከተማ ሥራ መርቶ፣ ሚስት ሳያገባ በ1801 ሞተ፤ በእርሱ በኩል ስሙ ቆመ። ኢሳቅ 15 ልጆች ወልዶ ስሙን አበዛው። ኦሲፕ ደግሞ ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሞታብኛለች ብሎ ሌላ አገባና በፍርድ ተፈታበት፤ ናዴዥዳ የምትባል ሴት ልጅ ብቻ ስለ ነበረችው ስሙ ከእርሱ ጋር ቀረ። በዓለም የታወቀው ግን ይህ ስም የቀረበት ቅርንጫፍ ነው፤ ናዴዥዳ በ1799 ፑሽኪንን ወለደች። የፑሽኪንም ልጅ ናታሊያ የናሳውን ልዑል አገባች፤ ከዚያም ደሙ እስከ እንግሊዝ መኳንንት ቤት ደረሰ። በእናት በኩልም ዘር ለሚቈጥር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በስም ብቻ የሚመረምር ፈረንጅ ግን ይህን ቅርንጫፍ በሙሉ ይስተው ነበር።

የቀረው ጴጥሮስ ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1742 ለአብራም በፕስኮፍ አገር ከሰጠችው ርስት ሚካኤሎቭስኮዬ ለኦሲፕ፣ ጴጥሮቭስኮዬ ለጴጥሮስ ደርሶ ነበር። በ1825 ፑሽኪን በእናቱ ርስት በግዞት ተቀምጦ ሳለ፣ ከአብራም ልጆች ገና በሕይወት የነበረው ይህ የ83 ዓመት ሽማግሌ፣ የእናቱ አጎት ብቻ ነው። ፑሽኪንም ሽማግሌው ሳይሞት ስለ ቅድመ አያቱ የተጻፈውን ነገር እጁ ላይ ለማድረግ ቸኰለ፤ ጽሑፉንም ከእርሱ ተቀበለ። ጴጥሮስ በሚከተለው ዓመት አረፈ።