ለቡናችንም ሰባት ቤት እንቁጠርለት

የካፋ ገበሬዎች፣ የቦንጋ ተማሪዎች፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት! ዘንድሮ የቡና ዘር ስንለቅም ከአንድ እናት ዛፍ ብቻ አንልቀም።

ነገሩ ያለው አበባው ውስጥ ነው። በበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ጫካው በአንድ ማለዳ ነጭ ይለብሳል፤ በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ ይጠወልጋል። በዚያች አጭር ጊዜ የአረቢካ ቡና አበባ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ራሱን ያዳቅላል። እኛ ዘመድ እንዳይጋባ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፤ ቡና አንድም ቤት አይቆጥርም። ራሱን ባዳቀለ ቁጥር ከእናትና ከአባት የሚመጡት ዘረመሎች የሚለያዩበት ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፦ 100 የነበረው 50፣ ከዚያ 25፣ ከዚያም 12.5 ይሆናል። በቆሎን እንዲህ ቢያደርጉት ይቀጭጫል። ቡና ግን ለምዶታልና ያን ያህል አይጎዳም፤ ስለዚህም አደጋው ለዓይናችን አይታይም። የሚያስፈራው መመሳሰሉ ነው። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

የዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ የያኔዋ ሲሎን፣ ይህን አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1869 የቅጠል ዋግ ገባባትና እርሻዎቿ ቡናውን ትተው ወደ ሻይ ዞሩ። የላቲን አሜሪካም ቡና በአብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዛፎች የተወለደ ነው።

እኛን ያዳነን ጫካችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ እየዞሩ በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ፈለጉ። 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች ከኢሉባቦር ጫካ የተገኙት እንዲህ ነው፤ 74 የሚለው የተለቀሙበት ዓመት ነው። ቡና ራሱን ስለሚያዳቅል የተመረጡት ዛፎች ልጆች እናታቸውን መሰሉ፣ ዘሩም ፈጥኖ ገበሬው እጅ ገባ። ራስን ማዳቀል በዚህ በኩል ባለውለታችን ነው። ግን እነዚያ ዛፎች ቀድመው ተመንጥረው ቢሆን ከየት ይመረጥ ነበር?

ቡና እንደ ጤፍ ዘሩ ደርቆ በማቀዝቀዣ ለብዙ ዓመት አይቀመጥም። ቆሞ፣ በሕይወት መኖር አለበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራና በውስጡ ያለው የማንኪራ ጫካ ሕያው የዘር ባንካችን ናቸው።

ስለዚህ እንነሳ! ዘሩን ከተራራቁ ብዙ ዛፎች እንልቀም፤ ብዙ ከሚያፈራው ብቻ ሳይሆን ጫካው መሐል ጥቂት ከሚያፈራውም። የየእናቱን ፍሬ ለየብቻው በእጅ እንፈልፍለው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን እንጣል፣ የቀረውን ጥላ ውስጥ እናድርቅ፣ መደቡም ላይ በየረድፉ ስም ሰጥተን እንዝራው። ከምርምር የወጣውን ምርጥ ዘር ጓሯችን እንትከል፤ ጫካ ውስጥ ግን አናስገባው። ከሌላ ዛፍ ብናኝ የምታመጣው ንብ ናትና አበባ ላይ መድኃኒት አንርጭ፣ ቀፎ የሚሰቀልበትንም ዛፍ አንቁረጥ።

ገበሬውን «ጫካውን ጠብቅ» ብሎ ብቻውን መተው ግፍ ነው። ማኅበራት የጫካውን ቡና ለብቻው ለቅማችሁ፣ ለብቻው ሽጡ፤ ትርፉም ለጠባቂው ይድረስ። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ የእናት ዛፎቹን መዝገብ እናንተ ያዙ። አባቶችና እናቶች፣ በሽታ ሲመጣ ያልተበገረውን ዛፍ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እየመራችሁ አሳዩን። መስከረም ጠብቶ ፍሬው መቅላት ሳይጀምር እያንዳንዱ ቀበሌ እናት ዛፎቹን መርጦ፣ ምልክት አስሮባቸው ይጠብቅ።