ዘይት ስለሚያንጠባጥብ አሮጌ ሞተር ሳይክል

በሐዋሳ ከተማ በብዙ ቤተ ሰብ ግቢ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆሞ ይገኛል። ከተማዪቱ ሜዳማ ስለ ሆነች ይህ መሣሪያ አባትን ወደ መሥሪያ ቤቱ፥ ልጅንም ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ እጅግ የተመቸ ነው። ዳሩ ግን ጧት ሲነሣ በቆመበት ስፍራ የሳንቲም ያህል የጠቆረ ዘይት ወድቆ ይታያል፤ ባለቤቱም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ በዚህ አባባል አንስማማም። የጃፓኑ የሆንዳ ፋብሪካ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲጂ 125 የተባለውን ሞተር ሳይክል ሲያወጣ፥ ጥገና በሚጓደልበት አገር እንዲበረታ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ዘይት እንዲኖር አድርጎ አልሠራውም።

እንዲህ ያለው ሞተር የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ግድም ብቻ ነው። ይኸው ጥቂት ዘይት ፒስቶኑንም፥ ካምቢዮውንም፥ ፍሪሲዮኑንም ያለሰልሳል። በየሌሊቱ የሚጠፋው ጠብታ ሳይተካ የሰነበተ እንደ ሆነ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው የአንዲት ሮንዴላ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የሞተሩ ዋጋ ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ። ዘይቱ የኋላውን ጎማ የነካው እንደ ሆነ፥ በመታጠፊያ ላይ ይንሸራተትና ከኋላ የተፈናጠጠውን ልጅ ጭምር ይጥላል። ስለዚህ በጎማው ወይም በፍሬኑ ላይ ዘይት ያየ ሰው ሳያጸዳ አይንዳ።

መጀመሪያ የሚገባው ሥራ ብሎን ማጥበቅ ሳይሆን ማጠብ ነው። ሞተሩ በርዶ ሳለ፥ እሳት በሌለበት ስፍራ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይጠረግ፤ በሳሙና ውሃ ታጥቦም ፈጽሞ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ የሕፃናት ፓውደር ይነስነስበትና በቆመበት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይሥራ። ፓውደሩ አስቀድሞ የጠቆረበት ስፍራ ምንጩ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳልና፥ በጉዞም ጊዜ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋልና፥ የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ከካቴናው የተረጨውን ቅባት የሞተር ዘይት ነው ብለው የሚደነግጡም አሉ።

ጓርኒሲዮን ከመለወጥ በፊት የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሆነ ይታይ፤ ትንፋሹ የታፈነ ሞተር በደኅናው ጓርኒሲዮን ሳይቀር ያልበዋል። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል። (ጓርኒሲዮንም፥ ፓራኦሊዮም፥ ካቴናም የጣልያን ቃላት ናቸው፤ ባለቤቱ ሄዶ ቋንቋው በጋራዥ ቀረ።) ምንጩ የማፍሰሻው ብሎን ከሆነ፥ ዘይት ሲለወጥ ሮንዴላውን በአዲስ መተካት ብዙ ጊዜ ይበቃል። የማርሽ ዘንጉ ፓራኦሊዮ ከሆነም ጎማው ደርቋልና ይለወጥ። ከጎን ክዳኑ የወጣ እንደ ሆነ ግን ብሎኖቹ በአንድ ወገን ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየሩ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ፤ ካልቆመም አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ አዲስ ይግባ። በጉልበት ማጥበቅን እንነቅፋለን፤ የሞተሩ ገላ አሉሚኒየም ስለ ሆነ ጥርሱ ይበላል፥ ትንሹም ጥገና ትልቅ ይሆናል። ሲሊኮን በገፍ መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይቱን ማጥለያ ይደፍናል።

የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ በቦይ የተደፋ የተቃጠለ ዘይት ዝናብ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል፥ መውጫም የለውም፤ በአሞራ ገደል የምንገዛው ቆሮሶም የሚወጣው ከዚያው ውሃ ነው። የወጣው ዘይት በጀሪካን ተከድኖ ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጥ፤ ሞተር ሳይክሉም በሐይቁ ዳር አይታጠብ።

በጥገናው ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ይነጠፍ። ሦስት ሌሊት ደረቅ ሆኖ ካደረ፥ ሞተር ሳይክሉን በደልዳላ መሬት ቀጥ አድርጎ አቁሞ የዘይቱን ልክ ማየትና የጐደለውን መሙላት ብቻ ይቀራል።