«ዩሪን አምጪ» ማለት አይበቃም



ከአጅባር ገጠር ለእርግዝና ክትትል የመጣች እናት አስቡ። ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጧትና «ዩሪን አምጪ» ትባላለች። ቃሉ አይገባትም፤ መጠየቅም ታፍራለች። ሽንት መሆኑን ከሌሎች አይታ ብትረዳ እንኳ የመጀመሪያውን ትቀዳለች። ያን ጊዜ ከቆዳ የታጠበ ባክቴሪያ ውጤቱን ያሳስታል፤ የማያስፈልጋት መድኃኒት ሊታዘዝላት ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነገር አይደለም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊቷ ጨምሮ በሽንቷ ፕሮቲን ከታየ ለእርሷም ለፅንሷም አደገኛ ምልክት ነው።

ቃል አላጣንም፤ ኩላሊት፣ ፊኛ፣ የሽንት ቧንቧ እያልን ነው ያደግነው። «እህቴ፣ ታጠቢና መጀመሪያ የሚወጣውን ሽንት ልቀቂው፤ መሃል ላይ ያለውን ቅጂ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያወደሱት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ጤናም አማና ነው።

የጤና ተማሪዎች ሆይ! ለተግባር ልምምድ ስትወጡ በእናቶቻችን ቋንቋ አስረዱ። ሌሎቻችንም ለእረፍት ቤት ስንገባ ለእናትና ለእህቶቻችን ሳናፍር እንንገር።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።