ጡንቻው ሲደክም ትንፋሽ ያጥራል

ቆሰበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ብርድ አንድ አዛውንት ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ብርድ ነው»፣ «አስም ነው»፣ «እርጅና ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ሳንባ ወይም ልብ ነው። አንዳንዴ ግን የታመመው የመተንፈሻው ጡንቻ ነው።

ሳንባን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይቁጠሩት። ወናፉ ደህና ቢሆንም እጁ ከዛለ ፍሙ አይግምም። ማያስቴንያ ግራቪስ በተባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ ራሱ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ያግዳል። ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችንም እንዲሁ።

አባትዎ ጠዋት ደህና ሆነው ማታ የዓይናቸው ቆብ ይወድቃል? አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል? እንጀራ ሲያኝኩ መንጋጋቸው ይዝላል? ቡናው ትን ይላቸዋል? ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል? ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ካለባቸው ሌሊቱን የተቃጠለ አየር በደማቸው ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር ቢያሳይም አይዘናጉ፤ ቁጥሩ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብለው ይቁጠሩ ይበሏቸው። 20 ሳይደርሱ ትንፋሻቸው ካለቀ፣ ወይም ምራቃቸውን መዋጥ ካቃታቸው፣ ሳያድሩ ሆስፒታል ያድርሷቸው።

በአገራችን የነርቭ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ባለሙያዎቹ ዛሬም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በእንጅባራ ሆስፒታል መጀመሪያ ለሚያይዋቸው ሐኪም የእርስዎ ምስክርነት ትልቅ ዋጋ አለው። ምልክቱ ጠዋት ስለሚጠፋ፣ ማታ የወደቀውን የዓይን ቆብ በስልክዎ ቀርጸው ይዘው ይሂዱ።

ከፋርማሲ በራስዎ መድኃኒት አይግዙላቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታሚሲንና ፕሮፕራኖሎል ይህን ሕመም ሊያብሱ ይችላሉ። ኦክስጅን ብቻውንም የደከመ ጡንቻ አያበረታም፤ የትንፋሽ ማገዣ መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንደ ኤ.ኤል.ኤስ. ያሉ ሌሎች የነርቭና የጡንቻ ሕመሞች ፈውስ የላቸውም፤ እነሱም ቢሆኑ እገዛ አላቸው። ማያስቴንያ ግን በፒሪዶስቲግሚንና በፕሬድኒሶሎን ይታከማል፤ ብዙዎች ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ዛሬ ማታ ወደ ቤት ሲደውሉ «ደህና አመሹ?» ብለው አያብቁ። ድምፃቸው በአፍንጫ እየወጣ እንደሆነ፣ ሲያወሩም እየደከመ እንደሄደ ልብ ብለው ያዳምጡ።