ደረሰኝ አላችሁ?

ባለፈው ክረምት በመካኒሳ የምንኖር ዐሥራ አንድ ወጣቶች አንድ ቴአትር አዘጋጅተን ነበር። ድርሰቱ ታላቅ ነው አልልም፤ የጻፈው ከመካከላችን አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ወር ሙሉ በየማታው ተለማምደነዋል። የጎደለን አዳራሽ የምንከራይበት ገንዘብ ስለ ነበረ፥ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዘን በአካባቢያችን ወደሚገኝ አንድ የንግድ ድርጅት ሄድን። የተቀበሉን ሽማግሌ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ ቴአትር እኔም እወዳለሁ። ዳሩ ግን ደረሰኝ አላችሁ? ገንዘቡ በማን ስም ወጪ ይሁን? ቴአትሩ ሳይታይ ቢቀርስ ማንን እጠይቃለሁ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። «የለንም፥ ጋሼ» አልናቸው። ሻይ አጠጥተው ሸኙን። ከበሩ እንደ ወጣን ንፉግነታቸውን እያነሣን ስናማቸው ቤታችን ደረስን። ዛሬ ግን ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሳቸው እንዳልነበረ ይገባኛል። የጠየቁን ጥያቄ ማንም ገንዘብ ሰጪ ሊጠይቀው የሚገባ ነው፤ እኛ ግን ሦስት ወር ስንለማመድ ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ አልተለማመድንም።

ይህን የምጽፈው የራሴን ነገር ለማውራት ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት ከምጣኔ ሀብት ትምህርት ክፍል እመረቃለሁ፤ ከዚያም በኋላ በውጭ አገር በኪነ ጥበባት አመራርና በገንዘብ ማሰባሰብ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አስቤ ማመልከቻ መሙላት ጀምሬ ነበር። «እንዲህ ያለ ትምህርት ደግሞ አለ ወይ?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ፥ በለንደንም ጥቂት ዘግየት ብሎ፥ ቴአትር ቤትን፥ ሙዚየምንና ኦርኬስትራን ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ በድኅረ ምረቃ ይሰጣል። ማመልከቻው ግን አንድ ቦታ ላይ አቆመኝ። «እስከ ዛሬ ለኪነ ጥበብ ሥራ ያሰባሰብኸውን ገንዘብ ወይም ንብረት ዘርዝር» ይላል። ምን ልጻፍ? ሻይ መጠጣታችንን?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዳራሽ ስናጣ ቴአትሩን ያሳየነው በሰፈራችን ዕድር ድንኳን ውስጥ፥ በዕድሩ ወንበሮች ላይ ነበር። የዕድሩ ዳኛ የጠየቁን ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ኀላፊው ማን ነው፥ መቼ ትመልሳላችሁ፥ ቢሰበርስ ማን ይከፍላል? ሁለት ዋስ አስፈርመው፥ ጸሐፊው ስልሳ ወንበርና አንድ ድንኳን በመዝገብ ላይ አሰፈሩ። ሁለት ወንበር ተሰበረ፤ ከፈልን። እንግዲህ በሕይወቴ ያሰባሰብሁት የመጀመሪያው የኪነ ጥበብ ድጋፍ ይህ ነው፤ የሰጠኝም ባለጠጋ ሳይሆን መዝገብ ያለው የድሆች ማኅበር ነው።

አንዳንድ ሰዎች «የኢትዮጵያ ሕዝብ ለኪነ ጥበብ አይሰጥም፤ ድሀ ነው» ይላሉ። ከመካኒሳ እስከ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ሰው ይህን ሊል አይችልም። በእሑድ ማለዳ በየመታጠፊያው ዣንጥላ ተዘርግቶ፥ ሥዕል ተሰቅሎ፥ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ እናያለን። ቆም ብለን እንመልከተው። የሚለምነው ሰው «ለቤተ ክርስቲያን ስጡ» ብሎ አያበቃም፤ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ለቆርቆሮ፥ ለሚስማር፥ ለሲሚንቶ ይላል። ዐሥር ብር ያለው ዐሥር ብሩን የት እንዳደረሰው ያውቃል። በዓመቱ ንግሥ በመጣ ጊዜ ቆርቆሮውን ጣራው ላይ ያየዋል፤ ኮሚቴውም በዐውደ ምሕረቱ ቆሞ የገባውንና የወጣውን ይናገራል፤ ድፎ ዳቦውም በጨረታ ይሸጣል። ትልቁን ዕቅድ ለትንሹ ሰጪ ልክ ቆራርሶ ማቅረብ፥ ስጦታውን ማሳየት፥ ማመስገን፥ ሒሳብ ማቅረብ። በውጭ አገር ብዙ ሺህ ዶላር ተከፍሎበት የሚሰጠው ትምህርት መነሻው ይኸው ነው።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ የተማሩት ከዚህ ብዙም በማይርቅ መንገድ ነው። በ1885 (እ.ኤ.አ.) የነፃነት ሐውልት መቆሚያ ገንዘብ ባጣ ጊዜ ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ሕዝቡን ጠየቀ፤ ያንዲት ሳንቲም ሰጪንም ስም ሳይቀር አተመ። ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ከሰጪዎቹም አብዛኞቹ ያዋጡት ካንድ ዶላር በታች ነበር። በእኛም አገር መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ከተጣለ አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀ ድረስ ሠራተኛው ከደመወዙ፥ ሊስትሮው ከዕለት ገቢው ቦንድ ሲገዛ፥ በስልክ ወደ 8100 መልእክት ሲልክ ኖሯል። ይህ ሕዝብ መስጠት አያውቅም የሚል ሰው ዓይኑን ይመርመር።

«ግድብና ቤተ መቅደስ ሌላ፥ ሥዕልና ቴአትር ሌላ፤ ጥሩ ቴአትር ከሆነ ትኬቱ ራሱን ያስችለዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከመምህራኖቻችንም መካከል እንዲህ የሚሉ አሉ። በዚህ ላይ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የሆኑት ባውሞልና ቦወን በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙትን ጥናት ማንሣት ይገባል። ነገሩ ቀላል ነው። የጫማ ፋብሪካ አዲስ መኪና ሲያስገባ በዚያው ሠራተኛ እጥፍ ጫማ ያወጣል፤ ስለዚህ ደመወዝ ቢጨምር ይችለዋል። አራት ሙዚቀኞች የሚጫወቱት የቤቶቨን ሙዚቃ ግን ያኔም አራት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ይፈልጋል፤ በሁለት ሰው ወይም በግማሽ ሰዓት ልጫወተው ቢሉ ሙዚቃው ሌላ ይሆናል። ስድስት ተዋናይ ያለው ቴአትርም እንዲሁ ነው። የተዋናዩ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ግን ከሌላው ሰው ጋር እኩል ይጨምራል። ስለዚህ ወጪው ከትኬቱ እየራቀ ይሄዳል፤ ይህም የሚሆነው ቴአትሩ መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም። ክፍተቱን የሚሞላው መንግሥት፥ ወይም ሰጪ፥ ወይም የተዋናዩ ረኀብ ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ሦስተኛው ነው።

ቀደም ብለው የነበሩት ሰዎች ይህን ሁሉ ዲግሪ ሳይኖራቸው ተሸክመውታል። መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅርን ማኅበር በ1927 ዓ.ም.፥ ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ሳለ አቋቋሙ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ከችካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ረጅም ዘመንም መሩት፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ክብር ይገባቸዋል። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፦ አለ ፈለገ ሰላም ለደብዳቤና ለበጀት ያዋሉት ሰዓት ሁሉ ከሸራው ላይ የተቀነሰ ሰዓት ነው። አንድ ሠዓሊ ትምህርት ቤት እንዲኖር ሲል ሥዕሉን መተው አለበት ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መልስ የሚሆን ነገር በእኛው ክፍለ ከተማ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ይገኛል። መካኒሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የአልኮል ፋብሪካውን ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን የዞማ ሙዚየም አለ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ ወይዘሮ መስከረም አሰግድ በ1990ዎቹ አጋማሽ በትንሹ የጀመሩትን ሥራ ቆሻሻ በወረረው መሬት ላይ በጭቃና በጭድ ሠርተው ሙዚየም አደረጉት። የሄደ ሰው ሁሉ ግድግዳውን አድንቆ ይመለሳል፤ እኔም አድንቄአለሁ። ሆኖም ከግድግዳው የበለጠ የሚያስደንቀኝ የሁለቱ ሰዎች አብሮ መሥራት ነው፤ አንዱ ይሠራል፥ አንዷ ታሰናዳለች፥ ትመራለች። ከሙዚየሙ ጋርም የሕፃናት ትምህርት ቤት፥ ቤተ መጻሕፍት፥ ካፌና የአትክልት ስፍራ አለ፤ ማለትም የሰፈሩ ሰው ሥዕል ባያይ እንኳ የሚገባበት በር አለው። ከዚህ ሁሉ ሥራ በስተጀርባ ያለው ዕውቀት በሁለቱ ሰዎች ራስ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር የሚጽፈውና የሚያስተምረው ማን ነው?

የጥበብ ሰዎቻችን ገንዘብ መፈለግ አያውቁም ማለቴ አይደለም። የውጭ አገር የባህል ማዕከሎች የሚያወጡትን ቅጽ አሳምረው የሚሞሉ ጓደኞች አሉኝ። ለነዚያ ማዕከሎች ምስጋና ይገባል፤ ብዙ ሥራ ያለ እነርሱ አይታይም ነበር። ነገር ግን የዓመቱን ርእስ የሚመርጠው ቅጹን ያወጣው ነው። ሌላው ምንጭ ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን በተከለከለ ጊዜ ስንቱ ድራማና ዝግጅት ደንግጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ክልከላው አያስከፋኝም፤ እንዲያውም ደግ አደረጉ እላለሁ። የሚያስከፋኝ አንድ ቧንቧ ሲዘጋ ሌላ ቧንቧ እንዳልነበረን መታየቱ ነው።

እንግዲያው ውጭ አገር ሄዶ ተምሮ መምጣት አይበቃም ወይ? ለእኔ ለራሴ ይበቃ ይሆናል፤ ለአገር ግን አይበቃም። የአሜሪካው መጽሐፍ የተጻፈው ለበጎ ሥራ የሰጠ ሰው ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግብር ቅናሽ በሚያገኝበት አገር ነው። የእኛ ሕግ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ፈቀደ፤ የአስተዳደር ወጪያቸው ግን ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። በማኅበር የተደራጀ የቴአትር ቡድን ወጪው ከሞላ ጎደል የሰው ደመወዝ ነው። የተዋናዩን ክፍያ ከሥራው ወጪ፥ የገንዘብ ያዡን ከአስተዳደር ለይቶ መጻፍ ያልቻለ መሪ ወይ ሕግ ይተላለፋል፥ ወይ ገንዘብ ያዡን ያሰናብታል። ይህንን የኒው ዮርክ መምህር ሊያስተምረን አይችልም። የዕድሩን መዝገብማ እንዴት ያውቀዋል?

አንድ ወዳጄ ሠዓሊ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ ተቆጣኝ። «ነጋዴ በላያችን ልትሾም ነው፤ ነገ የድርጅቱ ሰንደቅ ከመድረኩ ይበልጣል» አለኝ። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የባንክ ስም ከተዋናዩ ራስ በላይ በትልቁ የተሰቀለበትን መድረክ እኔም አይቻለሁ። ለዚህ ነው ትምህርቱ በንግድ ክፍል ብቻ እንዲሰጥ የማልፈልገው። ደግሞም ሰንደቁን «አይሆንም፥ እዚህ ጥግ ላይ ይሁን» ለማለት የሚደፍረው ውል ማንበብ የሚያውቅና ሌላ ሰጪ ያለው ሰው ነው እንጂ የተራበው አይደለም። ወዳጄ አልተቀበለኝም። ክርክሩ ገና አላለቀም።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ዩኒቨርሲቲያችን በ2015 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር ሆኗል። የራሱን ገቢ በሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙዚቃ፥ ሥዕልና ቴአትር ሒሳብ አዋቂ ጠበቃ ከሌላቸው ድርሻቸው ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው፦ የኪነ ጥበብ ትምህርት ክፍሎቹ፥ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትና የሕግ ትምህርት ቤት በአንድነት በኪነ ጥበባት አመራር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ይክፈቱ። አንደኛው ዓመት በክፍል ይሁን፤ ሁለተኛው ዓመት በሀገር ፍቅር፥ በብሔራዊ ቴአትር ወይም ፈቃዳቸው ከሆነ በዞማ በሥራ ላይ ይሁን። የመመረቂያው ጽሑፍም በመደርደሪያ የሚቀመጥ ወረቀት አይሁን፤ ተማሪው ለአንድ ሥራ በእውነት ገንዘብ ያሰባስብ፥ ሒሳቡንም በሕዝብ ፊት ያቅርብ። የዕድር ዳኛም በወር አንድ ቀን መጥተው ቢያስተምሩን አበል ይከፈላቸው።

የውጭ አገሩን ማመልከቻ አልቀደድሁትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይህንን ጥያቄ የያዘውን ወረቀት ደግሞ በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። የሚስማማ ይፈርምበት፤ የማይስማማም ምክንያቱን ከግርጌው ይጻፍ። ለወረቀቱና ለማባዣው ያወጣሁት 85 ብር ነው፤ ደረሰኙ አብሮት ተያይዟል።