ዘግይቶ የተከፈተ በር

ማሪያን አንደርሰን በተነሳች ቁጥር የሚወራልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የፋሲካ ዕለት፣ ጥቁር ናት ተብላ የዋሽንግተኑን ኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ብትከለከል፣ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ 75 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልትም የአዳራሹን ባለቤት የሴቶች ማኅበር ጥለው ወጡ። «አያችሁ፣ ችሎታ ያሸንፋል!» ይሉናል።

እኔን ግን አይዋጥልኝም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ መጨረሻው ያማረ ታሪክ ሲያገኙ መሀሉን ይረሱት ነበር። እስቲ መሀሉን እንቁጠረው። ማሪያን የተወለደችው በ1897 ነው። በ1930ዎቹ ከስካንዲኔቪያ እስከ ሳልዝበርግ ተጨብጭቦላታል። የአገሯ ትልቁ ቤት፣ የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ መድረኩን የፈቀደላት ግን ጃንዋሪ 7 ቀን 1955 ነው። 58 ዓመት ሊሞላት ሰባት ሳምንት ገደማ ሲቀራት! በቬርዲ ኦፔራ ውስጥ የጠንቋይዋን የኡልሪካን ሚና ሰጧት። ከእሷ በፊት በዚያ ቤት ሚና ተሰጥቶት የዘፈነ ጥቁር አልነበረም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። የዘፋኝ ድምፅ እንደ ጠጅ ሲቆይ አይጣፍጥም፤ ሳንባና ጉሮሮ ነው። እኔም ሃምሳዎቹን ስለያዝኩ ደረጃ ስወጣ የትንፋሽን ነገር አውቀዋለሁ። በሠላሳና በአርባ ዓመቷ ልትጫወታቸው ትችል የነበሩትን ሚናዎች ማን ይመልሳቸው?

«ችሎታ ያሸንፋል» ስንል ሳናውቀው በር ዘጊውን ነፃ እናወጣዋለን። ችሎታማ ድሮም ነበራት። የጠፋው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። ዘግይቶ ለከፈተ ከማጨብጨባችን በፊት፣ «እስከዛሬ የት ነበርክ?» እንበለው እንጂ!